የማይታየው ጉድለት ዕዳው የማን ነው?

ኩሽኔታ የሚሽከረከርን ዘንግ ደግፎ ያለ ብዙ ፍጭት የሚያዞር የብረት ቀለበት ነው። በሁለት ቀለበቶች መካከል የተደረደሩ ትናንሽ የብረት ኳሶች አሉት፤ ኳሶቹ በዘይት ወይም በግሪስ ካልራሱ ይግላሉ፣ ይላላሉ፣ በመጨረሻም ይፈረከሳሉ። የጀርመኑ ፖርሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ለቦክስተርና ለአዲሱ 911 መኪኖቹ ባወጣው ሞተር ውስጥ በመዳፍ የምትያዝ አንዲት ኩሽኔታ ነበረች። የምትሸከመው መካከለኛ ዘንግ የሚባለውን ክፍል አንዱን ጫፍ ነው። መካከለኛው ዘንግ ኃይሉን ከክራንክሻፍቱ ተቀብሎ በካቴና አማካይነት ቫልቮቹን ወደሚከፍቱትና ወደሚዘጉት ካምሻፍቶች ያደርሳል። ኩሽኔታዋ ስትፈርስ ዘንጉ ከመስመሩ ይወጣል፣ ካቴናው ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቮቹም ወደ ላይ ከሚመጡት ፒስተኖች ጋር ይጋጫሉ። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። የሞተሩ ሆድ በብረት ብናኝ ስለሚሞላ ብዙውን ጊዜ መጠገን አይቻልም፤ ባለቤቱ የሚቀርለት ከ10,000 ዶላር በላይ አውጥቶ ሌላ ሞተር ማስገባት ነው።

የጉድለቱ ምንጭ በንድፉ ውስጥ ነበር። ኩሽኔታዋ በሁለት በኩል የታሸገች ናት፤ በውስጧ የተሞላው ግሪስ ዕድሜ ልኳን እንዲበቃት ታስቦ ነው። የተቀመጠችው ግን ትኩስ የሞተር ዘይት ዘወትር በሚደርስበት ቦታ ነው። ማሸጊያው በሙቀት ሲደርቅ ዘይቱ ሾልኮ ይገባና ግሪሱን ያጥበዋል። የገባው ዘይት ደግሞ መውጫ ስለሌለው አይታደስም፤ እዚያው ቆይቶ ይበላሻል። ስለዚህ ኩሽኔታዋ በዘይት ባሕር ውስጥ ሆና ዘይት ትራባለች። እስከ 2000 ገደማ በአብዛኞቹ ሞተሮች ውስጥ ሁለት ረድፍ ኳስ ያላት ኩሽኔታ ትገባ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድ ረድፍ ብቻ ባላት ተተካች፤ ይበልጥ የምትደክመውም እርሷ ሆነች።

ከሁሉ የከፋው ባለቤቱ ይህን የሚያውቅበት ግልጽ መንገድ አለመኖሩ ነው። የሚበራ ማስጠንቀቂያ መብራት የለም። በአገልግሎት መመሪያው ላይ ኩሽኔታዋ በዚህን ያህል ኪሎ ሜትር ትቀየር የሚል መስመር አልተጻፈም፤ ንድፉ የማትሞት አድርጎ ነበርና ያሰባት። ዘይቱን በጊዜው የቀየረ፣ መኪናውን በእንክብካቤ የያዘ ሰውም ከቸልተኛው እኩል ይመታል።

ከዚህች ትንሽ ብረት የሚነሣው ጥያቄ ሃይማኖትና ፍልስፍና ከጥንት ጀምሮ ሲመላለሱበት የኖሩት ነው። ጉዳት ያደረሰው ሰው ክፉ ሳያስብ፣ የተጎዳውም ሰው ማየት ሳይችል ጥፋት ቢደርስ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል?

ግሪካዊው አሪስቶትል የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር በሚባለው መጽሐፉ አምስተኛ ክፍል ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በደረጃ ይለያል። ማንም ሊጠብቀው በማይችል መንገድ የደረሰ ጉዳት አደጋ ነው። ክፋት ሳይኖርበት፣ ነገር ግን ሊታሰብ ይችል የነበረ ጉዳት ስሕተት ነው፤ መነሻው ከሠሪው ዘንድ ነውና። ዐውቆ የተደረገው ደግሞ በደል ነው። ይህ መለያ ለሰይፍ ምትና ለተወረወረ ድንጋይ የታሰበ ቢመስልም ለፋብሪካ ሥራ እጅግ ይስማማል፤ እንዲያውም አሪስቶትል ያላየውን ነገር ያሳያል። ድንጋይ አንድ ጊዜ ይወረወራል፣ ያልቃል። የመኪና ክፍል ግን በሺህ ጊዜ ይሠራል፣ ለዓመታት ይሸጣል፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ብረቱ ሳይለወጥ የሠሪው ዕውቀት ይለወጣል። ዛሬ አደጋ የነበረው ነገ ስሕተት፣ ከነገ ወዲያ በደል ይሆናል። ያችው ኩሽኔታ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው ቦታ።

የመጀመሪያዋን ኩሽኔታ የነደፈው መሐንዲስ አደጋ ደረሰበት ለማለት ያስቸግራል። ትኩስ ዘይት ማሸጊያን እንደሚያደክም የታወቀ ነው። በዚያው ዘመን ፖርሽ ለ911 ተርቦና ለጂቲ3 የሚጠቀምበት፣ በሃንስ ሜትስገር ስም የሚጠራው ሞተር መካከለኛ ዘንጉን የሚያሳርፈው በግፊት በሚመጣ የሞተር ዘይት በሚረጥብ፣ ኳስ በሌለው ኩሽኔታ ላይ ነበር፤ ያ ሞተር በዚህ በሽታ አይታወቅም። መፍትሔው በዚያው ቤት፣ በውዱ መኪና ውስጥ ነበር ማለት ነው። ኩባንያው ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከክስረት አፋፍ ደርሶ፣ በቶዮታ የሠሩ ጃፓናውያን አማካሪዎችን ጠርቶ ወጪ ለመቀነስ ይጣጣር ነበር። ከዚህ ጭንቀት የተወለደ ንድፍ በአሪስቶትል ሚዛን ስሕተት ነው ቢባል ፍርዱ የከበደ አይሆንም። ኩባንያን ከሞት ለማዳን መቆጠብም ነውር አይደለም። ነገሩ ነውር የሚሆነው የቁጠባው ትርፍ ለሻጩ ቀርቶ አደጋው ላላየው ገዢ ሲተላለፍ ነው።

ወደ በደል የሚያሻግረው ድንበር ዕውቀት መሆኑን ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ከአሪስቶትል በፊት ደንግጎታል። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። በሬው ቀድሞ ተዋጊ ሆኖ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ባለቤቱ በነፍሱ ይጠየቃል። በሬው በሁለቱም ጊዜ ያው በሬ ነው፣ ቀንዱም ያው ቀንድ ነው። በመካከል የገባው አንድ ነገር ቢኖር ለባለቤቱ መነገሩ ብቻ ነው። ለፋብሪካ ይህ መነገር የሚመጣው በዋስትና ከሚመለሱ ሞተሮች፣ ከጋራዥ ሪፖርት፣ ከደንበኛ አቤቱታ ነው። ፖርሽ መቼ ምን ያህል እንዳወቀ በፍርድ ቤት ተመርምሮ አልተወሰነም፤ በአሜሪካ የቀረበው የባለቤቶች የጋራ ክስ እ.ኤ.አ. በ2013 በስምምነት ተዘግቷል። በክርክሩ ጊዜ ባለ አንድ ረድፏ ኩሽኔታ ከመቶ 8 ገደማ ትፈርሳለች የሚል ቁጥር ተነሥቷል። ኩባንያው ግን በ2006 ገደማ ኩሽኔታዋን በትልቅ ቀይሯታል፤ ይህም ድክመቷ ቢያንስ በዚያ ጊዜ ታውቆ እንደነበር ያመለክታል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። ዝም ማለት መዋሸት ነውን? ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ለልጁ በጻፈው ስለ ግዴታ በሚናገር መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን ያከራክራል። አንድ ሰው ሊፈርስ የደረሰ፣ ጤና የሚነሣ፣ ጉድለቱን ከባለቤቱ በቀር ማንም የማያውቀው ቤት ይሸጣል። የባቢሎኑ ዲዮጋን ሻጩ ሕግ ያዘዘውን ያህል ከተናገረና ካላታለለ ይበቃዋል ይላል፤ ገዢው ተገዶ አልገዛም። የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ደግሞ ይህ መንገድ ለጠፋበት ሰው መንገዱን ካለማሳየት የከፋ ነው፣ ዐውቆ ወደ ስሕተት መምራት ነው ይላል። ሲሴሮ የሚያደላው ለአንቲጳጥሮስ ነው። ዝምታ ሁሉ መደበቅ አይደለም፤ ነገር ግን አንተ የምታውቀውን፣ ሊያውቀው የሚገባው ሰው እንዳያውቅ ለጥቅምህ ስትል ብትተወው ያ መደበቅ ነው።

እስልምናም በዚህ ነገር ጥብቅ ነው። በሐዲስ እንደተዘገበው ነቢዩ መሐመድ በገበያ በተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን ከተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ ያገኙታል፤ ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲናገርም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠይቀው ማታለልን ያወግዛሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዝናቡ የማንም ጥፋት አይደለም። የሚያስወቅሰው እርጥቡ ከታች መሆኑ ነው። የሙስሊም ሊቃውንት ሕግም ስውር ነውር ያገኘ ገዢ ዕቃውን የመመለስ ምርጫ እንዲኖረው ያደርጋል።

የእህል ክምር ግን እጅ ያስገባል። የታሸገ ኩሽኔታ አያስገባም። ከጥንቱ ገበያ ይልቅ የዛሬው ፋብሪካ ኃላፊነት የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ያራምደዋል፣ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ ቢታለል እንኳ ዐይኑ የራሱ ነበር። ሞተር የሚገዛ ሰው የሚያየው ክዳን ነው። ክፍሉን አሽጎ፣ በማይደረስበት ቦታ ቀብሮ፣ የሚቀየርበትንም ጊዜ ሳይጽፍ የሸጠ ሠሪ የገዢውን ዐይን ጨምሮ አሽጎበታል። የሰውን ዐይን የወሰደ ደግሞ በእርሱ ፈንታ የማየት ግዴታ አለበት። ሠሪው አላወቅሁም ቢል እንኳ የገዢው አለማወቅና የእርሱ አለማወቅ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ማየት ተከልክሏል፣ ሌላው መመልከት ይችል ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንኑ ሐሳብ በአጭር ቃል ይዞታል። አንቀጽ 2085 ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጉዳቱን ያመጣው ጉድለት በልማድ በሚደረግ ምርመራ ሊገኝ የሚችል ከሆነ ግን ከኃላፊነቱ ያወጣዋል። የአንቀጹ ሁለት ክንፎች አብረው ሲነበቡ የሚታየውን ገዢው ይየው፣ የማይታየው ለሠሪው ነው ይላሉ። ከሦስት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት በፊት የወጣው የባቢሎኑ የሐሙራቢ ሕግ ደግሞ ከዚህም ይጠነክራል። ጀልባ ሠሪ የሠራው ጀልባ በዚያው ዓመት ጉድለት ቢያሳይ በራሱ ወጪ አፍርሶ አጠንክሮ ይመልስ ይላል፤ ዐውቀህ ነበር ወይ ብሎ እንኳ አይጠይቅም።

ሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት መከላከያ ተጠቃሚው ዘይት በጊዜው አልቀየረም፣ የታዘዘውን ዓይነት አላደረገም የሚል ነው። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የፔዦና ሲትሮዬን ቡድን ያወጣው ባለ ሦስት ሲሊንደር 1.2 ሊትር ሞተር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተርቦ ያለው ዓይነቱ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 በየዓመቱ በመጠን ክፍሉ የዓለም አቀፍ ምርጥ ሞተር ሽልማት ወስዷል። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ግን በሞተሩ ዘይት ውስጥ እየራሰ የሚዞር ቺንጋ ነው። ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ወይም ዘይቱ ሲያረጅ ቺንጋው ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፤ ርጋፊው የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍነዋል፤ ዘይት ያጣ ሞተርም ይነክሳል። ኩባንያው በኋላ ዋስትናውን እስከ 10 ዓመት ወይም 175,000 ኪሎ ሜትር አራዝሞታል፣ አዲሱንም ትውልድ በካቴና ሠርቶታል። የዋስትናው መራዘም ግን የአገልግሎት መርሐ ግብሩን በትክክል ለጠበቀ ነው።

ቅድመ ሁኔታው ምክንያታዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ኦሪት ዘዳግም 22፥8 ከዚህ አልፎ ይሄዳል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ማንም እንዳይወድቅ በዙሪያው መከታ ያድርግ፤ ያለዚያ የወደቀው ሰው ደም በቤቱ ላይ ይሆናል። ከጣሪያ የሚወድቅ ሰው ብዙ ጊዜ ያልተጠነቀቀ ሰው ነው። ሕጉ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የሰው መዘናጋት የታወቀ ስለሆነ መከታ የሚሠራው ለተዘናጋው ነው። አጭር መንገድ የሚነዳ፣ ዘይት ለመቀየር አንድ ወር የሚዘገይ ሰው ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ ከተማ ሁሉ የሚሞላው እንዲህ ያለ ሰው ነው። በፍጹም አገልግሎት ብቻ የሚኖር ሞተር የነደፈ መሐንዲስ በምድር ላይ ለሌለ ነጂ ነድፏል።

ከዚህም የሚከብደው ኩባንያ አንድ ልብ የሌለው መሆኑ ነው። በኦሪቱ ሕግ የበሬው ባለቤት አንድ ሰው ነው፤ ተነግሮታል ወይም አልተነገረውም። በትልቅ ፋብሪካ ግን አንዱ ክፍል አቤቱታውን ይሰማል፣ ሌላው ብረቱን ይለካል፣ ሦስተኛው ገንዘቡን ይቆጥራል። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ በአነስተኛ መኪኖቹ ያስገባው የቁልፍ ማብሪያ ከተወሰነለት ልክ በታች የላላ ነበር፤ መኪናው በጉዞ ላይ ሳለ ቁልፉ እየተንሸራተተ ሞተሩን ያጠፋ፣ የአየር ከረጢቱም በግጭት ጊዜ እንዳይከፈት ያደርግ ነበር። ክፍሉ በ2006 ሲሻሻል መለያ ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ምርመራ ያደረጉት አሮጌውን ከአዲሱ መለየት አቃታቸው። 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ለጥገና የተጠሩት በ2014 ነው፤ የካሣ ፈንዱ የተቀበለው የሟቾች ቁጥር 124 ደርሷል። ለኩባንያው ቦርድ የቀረበው የምርመራ ሪፖርት በስብሰባ ላይ ሰዎች ክንዳቸውን አጣምረው ወደ ግራና ቀኝ ወደ ሌላው የመጠቆም ልማድ እንደነበራቸው ይገልጻል። በዚህ ዓይነት ቤት ሁሉም ጥቂት ያውቃል፤ ሙሉውን ማንም ስለማያውቀው ተነግሮኛል የሚል አይገኝም። ይህ ግን ኃላፊነትን አያቀልም። ዕውቀቱ እንዳይሰበሰብ አድርጎ ቤቱን ያደራጀ አካል ስለዚያ አደረጃጀት ይጠየቃል።

የተበተነውን ዕውቀት አንድ ሰው ሰብስቦ ሲሸከመው ምን እንደሚሆን የኮሪያው የሀዩንዳይ መሐንዲስ ኪም ጓንግ-ሆ አሳይቷል። ቴታ 2 በተባሉት ሞተሮች ውስጥ ከምርት የቀረ የብረት ብናኝ የዘይቱን መንገድ እየዘጋ ሞተሮች ይነክሱ ነበር። ኪም የኩባንያው አያያዝ በቂ እንዳልሆነ ያሳያል ብሎ ያመነበትን ሰነድ ይዞ በ2016 ወደ አሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሄደ። ሥራውን አጣ። በ2020 ሀዩንዳይና ኪያ በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ የቅጣት ስምምነት ተስማሙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኪም ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት ተሰጠው። ሥራውን ሲያጣ ግን ሽልማቱን የሚያውቅ አልነበረም፤ የኅሊናው ዋጋ የሚመዘነው በዚያ ቀን ነው።

ዕዳው ከፋብሪካ ደጅ ላይም አይቆምም። ሞተሩ ድምፅ የጀመረበት ባለቤት ወፍራም ዘይት አድርጎ ድምፁን አፍኖ መኪናውን በደላላ ቢሸጠው የአንቲጳጥሮስ ፍርድ በእርሱም ላይ ይሠራል። በዚያች ቅጽበት ከተበዳይነት ወደ በዳይነት ተሻግሯል። ፖርሽ የባለጸጋ መኪና ስለሆነ ባለቤቱ ብዙ ላያሳዝን ይችላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በብድር በገዛው አሮጌ መኪና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ግን ሞተሩ ሲነክስበት በመኸር መካከል በሬው እንደሞተበት ገበሬ ነው። ለእርሱ ጉድለቱን ዐውቆ ዝም ያለው ሻጭና ጉድለቱን የፈጠረው ፋብሪካ አንድ ሆነው ይታዩታል፤ አይሳሳትም።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንስሐ መናዘዝ ብቻ አይደለም፤ የተወሰደውን መመለስም ይጨምራል። ቀራጩ ዘኬዎስ የተመሰገነው ያታለለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ በማለቱ ነው። በዚህ መለኪያ ንድፍን ማሻሻል ግማሽ ንስሐ ነው፤ ነገ የሚገዛውን ያድናል፣ ትናንት የገዛውን ግን በዕዳው ላይ ይተወዋል። በ2013ቱ የፖርሽ ስምምነት ካሣ ያገኙት በአሜሪካ የተሸጡ፣ ከ2001 እስከ 2005 መካከል የተሠሩ የተወሰኑ መኪኖች ባለቤቶች ናቸው፤ እነርሱም መኪናው ከተሸጠ 10 ዓመት ወይም 130,000 ማይል ሳያልፈው ከሆነ ነው። ከዚያ ወሰን ውጭ ላለው ባለቤት የቀረው ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው፤ ፍሪሲዮን ለማስቀየር ካምቢዮው ሲወርድ ኩሽኔታዋም ስለምትታይ ብዙዎች በዚያው በተሻለች ያስቀይሯታል። በ2006 የመጣችው ትልቋ ኩሽኔታ ግን የሞተሩ አካል ለሁለት ካልተከፈለ አትወጣም።

ፖርሽ ለ2009 የሞዴል ዓመት ባወጣው አዲስ ሞተር ውስጥ መካከለኛ ዘንጉ ራሱ ቀርቷል። የቀድሞዎቹ መኪኖች ዛሬም በመንገድ ላይ ናቸው፤ ጠንቃቃ ባለቤቶቻቸው ዘይት በቀየሩ ቁጥር አሮጌውን ማጣሪያ ቀደው፣ በወረቀቱ እጥፋቶች መካከል የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ መኖር አለመኖሩን ይመለከታሉ።